አቦካዶዬን የሚጨርሰው ባለ ጭራው እንስሳ ስሙ ማነው? ሽኮኮ ነው ወይስ አይደለም?

የፌርፋክሱ (ሎስ አንጀለስ)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። የምኖረው ሎስ አንጀለስ ነው፤ ከትንሿ ኢትዮጵያ ብዙም አልርቅም። ቤቱን ስንከራይ «ጓሮው ውስጥ ትልቅ የአቦካዶ ዛፍ አለ» ብለው ነው ያማለሉን። እውነትም ዛፉ አለ። አቦካዶው ግን የእኔ አይደለም።

ባለቤቱ አንድ እንስሳ ነው። ቁመቱ የድመት ግልገል ያህላል፤ ጭራው ደግሞ ለብቻው ሌላ እንስሳ ይመስላል። ጀርባው አመድማ ነው፤ ሆዱና የጭራው ዳርና ዳር ወደ ብርቱካንማ ይሄዳል። ቡና ስናፈላ አጥሩ ላይ ጉብ ብሎ ያየናል። ከዚያ ዛፉ ላይ ይወጣል። አንድ አቦካዶ ይቆርጣል፣ ሁለቴ ይነክሰዋል፣ ይጥለዋል። ሌላ ይቆርጣል። አንዱን ጨርሶ ቢበላው እኮ ምንም አልልም!

እናቴ ከደብረ ብርሃን ልትጠይቀን መጥታለች። «ሽኮኮ ነው» ብላት ሳቀችብኝ። «ሽኮኮ ከመቼ ወዲህ ነው ጭራ ያበቀለው?» አለች። ስልኬ ላይ ብፈልግ ደግሞ ስኩዊረል ማለት ሽኮኮ ነው ይለኛል።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። የዚህ እንስሳ ትክክለኛ ስም ማነው? እንዴትስ ነው የማባርረው? ሚጥሚጣ ብበትንበት ያስኬዳል?

ዲኑ_ዳላስ

ሃሃሃ ሚጥሚጣ! ከአገር ቤት በሻንጣ የመጣ ሚጥሚጣ ለስኩዊረል ሲበተን እናትህ ካዩ አብረህ ነው የምትባረረው።

ማሚ_ሲልቨር_ስፕሪንግ

እኛ እዚህ ሜሪላንድ ሁላችንም ሽኮኮ ነው የምንለው። ልጆቼም «ማሚ ሽኮኮ!» እያሉ ነው ያደጉት። አሁን ምን ልትሉን ነው?

ነታንያ_77

እናትየው ትክክል ናቸው። እኔ ያለሁት እስራኤል ነው። ሽኮኮ ማየት የፈለገ ዓይን ጌዲ ይምጣ። ድንጋዩ ላይ ተዘርግተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ድብልብል ናቸው፤ ጆሯቸው ትንሽ ነው፤ ጭራ የሚባል ነገር የላቸውም። በዕብራይስጥ ሻፋን ይባላል። ኦሪት ዘሌዋውያን ላይ ከማይበሉት ጋር ከጥንቸል አጠገብ የተጻፈው ሽኮኮ እሱ ነው። አሜሪካ ያላችሁት ስሙን ወስዳችሁ ለሌላ እንስሳ ሰጣችሁት።

ከባሌ_ማዶ

ልክ ነው። ባሌ ተራሮች ላይ የሄደ ሰው ሽኮኮን ያውቀዋል። እንዲያውም የሚገርመው፣ ሽኮኮ አይጥ ቢመስልም ከአይጥ ጋር ዝምድና የለውም። ዛሬ በሕይወት ካሉት እንስሳት ከቅርብ ዘመዶቹ አንዱ ዝሆን ነው። ያንተ አቦካዶ ሌባ ግን ከነአይጥ ወገን ነው፤ የሚያኝኩ የፊት ጥርሶቹ ዕድሜ ልኩን ያድጋሉ።

የእሱ ዘመዶች በእኛም አገር አሉ። አዋሽ አካባቢ ቆላው ላይ መሬት ቆፍሮ የሚኖረውን ቀጭን እንስሳ ብዙ ሰው በመኪና ሲያልፍ አይቶታል። በምዕራቡና በደቡቡ ደግሞ ዛፍ ላይ የሚኖርም አለ። አዲስ አበባ ላደገ ሰው ግን ጭራው የጎፈረ ነገር በየአጥሩ ሲሮጥ ማየት አዲስ ነው። ለዚህ ነው ያወቅነውን ስም የለጠፍንበት።

ባለ_መጋዙ

የፌርፋክሱ ወንድሜ፣ እኔም እዚሁ ካሊፎርኒያ ነኝ። ሥራዬ ዛፍ መከርከም ነው። ከእነዚህ ጋር 14 ዓመት አብረን ውለናል። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

ያንተው ፎክስ ስኩዊረል የሚባለው ነው። ፎክስ ያሉት እንደ ቀበሮ ቀላ ስለሚል ነው። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ዛፍ ላይ ከሚኖሩት ስኩዊረሎች ትልቁ ነው፤ ከግማሽ ኪሎ እስከ 1 ኪሎ ይመዝናል። ከአፍንጫው እስከ ጭራው ጫፍ 60 ሴንቲሜትር አካባቢ የሚደርስ አለ። የሳይንስ ስሙ ደግሞ «ጥቁር» ማለት ነው፤ ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኒየስ በ1758 ስም ሲሰጠው መነሻ የሆነው የደቡብ ካሮላይናው ጥቁሩ ዓይነት ስለነበረ። ብርቱካንማ ሆድ ይዞ ጥቁር ተብሎ ቀረ። እንግዲህ ስም የተሳሳቱት ሐበሾች ብቻ አይደሉም።

አሁን ወደ አቦካዶህ። መጀመሪያ ጥፋተኛውን አጣራ። ስኩዊረል የቀን እንስሳ ነው፤ ፎክስ ስኩዊረል እንዲያውም ማለዳ የሚነሳ አይደለም፣ ረፋዱ ላይ ነው የሚበረታው። ማታ ሳይነካ አድሮ ጠዋት ተቦርቡሮ ካገኘኸው የዛፍ አይጥ ነው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሞልቷል። ሰው ሁሉ በስኩዊረሉ ያሳብባል።

ሁለት ንክሻ ነክሶ የሚጥለውን በተመለከተ፣ ብዙ አትክልተኛ «ውሃ ጠምቶት ነው» ይላል። እኔም በደረቁ ወራት ብሶ ነው የማየው። አንዳንዴ ደግሞ ያልደረሰውን ቀምሶ ሳይጥመው ሲቀር ይመስለኛል። ደንበኞቼ አንድ ሳህን ውሃ ራቅ አድርገው ሲያስቀምጡ ለአንዳንዶቹ ሠርቷል፣ ለአንዳንዶቹ ደግሞ ጎረቤቱ ስኩዊረል ሁሉ ውሃ ሊጠጣ መጥቷል።

የሚሠራውን ልንገርህ። አቦካዶ ዛፉ ላይ እያለ አይለሰልስም፤ የሚለሰልሰው ከተቆረጠ በኋላ ነው። ስለዚህ ምን ትጠብቃለህ? አካሉ ሲሞላ ልቀመውና ቤት ውስጥ አብስለው። ከዚያ ግንዱ ላይ፣ ከመሬት 2 ሜትር ያህል ከፍ አድርገህ፣ 60 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ለስላሳ ቆርቆሮ ጠቅልል። በምስማር አትምታው፤ ዛፉ ሲወፍር እንዲለጠጥ በስፕሪንግ እሰረው። ከአጥሩና ከጣሪያው የተጠጋውን ቅርንጫፍ ደግሞ 2 ሜትር ተኩል አርቀህ ቁረጥ። ያለዚያ ዘሎ ይገባል፤ ቆርቆሮው ጌጥ ብቻ ነው የሚሆነው።

በወጥመድ ይዞ ሌላ ፓርክ ወስዶ መልቀቅ የሚባለውን አታስበው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ያለ ፈቃድ ክልክል ነው።

ሎሚ_ሻይ

ባለ መጋዙ፣ ሚጥሚጣውን ዘለልከው እኮ።

ባለ_መጋዙ

አልዘለልኩትም፣ አፍሬ ነው። ሚጥሚጣ ያቃጥለዋል። በርበሬን የሚያቃጥል የሚያደርገው ነገር አጥቢ እንስሳትን ያንገበግባል፤ ወፎች ግን አይሰማቸውም። ፈረንጆቹ የወፍ ጥሬ ላይ የሚነሰንሱት ለዚህ ነው። ዛፍ ላይ ግን ዝናብ ሲመታው ይታጠባል፣ ነፋስ ሲነፍስ ደግሞ ዓይንህ ውስጥ ነው የሚገባው። አንድ ጊዜ ሞክሬ ከስኩዊረሉ በላይ ያነባሁት እኔ ነኝ።

የፌርፋክሱ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ባለ መጋዙ። ለእናቴ ሁሉንም አነበብኩላት። «እኔ ምን አልኩ!» ብላ ቡናውን ድጋሚ አፈላችው። ለነታንያ ሰላም በሉልኝ ብላለች።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ካሊፎርኒያ ደረቅ አገር ነው። ይሄ እንስሳ የጫካ እንስሳ ነው ካላችሁ እዚህ ምን አመጣው?

ባለ_መጋዙ

እሱም እንዳንተ መጤ ነው። ሐቄን ነው። የፎክስ ስኩዊረል አገሩ ከመሀል አሜሪካ እስከ ምሥራቅ ያለው ነው። በ1904 አካባቢ ሶቴል በሚባለው ሰፈር የርስ በርስ ጦርነት ዘማቾች መጦሪያ ነበረ። ሽማግሌዎቹ ወታደሮች ከትውልድ አገራቸው ይዘዋቸው መጡ፤ ለማጫወቻም ለድስትም ይሆናሉ ብለው። ከዚያ አመለጡ ወይም ተለቀቁ፤ ከተማውን ሞሉት። የአገሩ ተወላጅ የነበረው ግራጫው ስኩዊረል ወደ ተራራው አካባቢ አፈገፈገ። ሶቴል ከፌርፋክስ ጎዳና በመኪና ሩቅ አይደለም። ትንሿ ኢትዮጵያ በ2002 በይፋ ስሟን ስታገኝ እነሱ ሰፈሩ ውስጥ ከርመው ነበር። «እንግዳ ማን ነው?» ቢባል እነሱ ናቸው የሚፈርዱብን።

ዲኑ_ዳላስ

እኛ ጋ ደግሞ እንግዳው እኔ ነኝ። ቴክሳስ አገራቸው ነው። የቴክሳስ የግዛት ዛፍ ፒካን ነው፤ ጓሮዬ ውስጥ አንድ አለ። መስከረም መጨረሻ ላይ ጀምሮ ያ ሰውዬ (ሰውዬ ነው የምለው) እየለቀመ በየሣሩ ይቀብራል። አንድ ጉድጓድ፣ አንድ ፒካን። ይቆፍራል፣ ይከታል፣ በግንባሩ ይደቀድቃል፣ ሣሩን መልሶ ያለብሳል። ከዚያ ወዲያ ወዲህ ያያል። ሌላ ስኩዊረል ካየው አውጥቶ ይዞት ይሄዳል።

ጥያቄዬ፣ ይሄን ሁሉ የቀበረበትን ያስታውሳል እንዴ? እኔ መኪናዬን ያቆምኩበትን እረሳለሁ።

ሎሚ_ሻይ

ይሄን እኔ ልመልስ፤ ካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ነው የተማርኩት። ግቢው በፎክስ ስኩዊረል የተሞላ ነው። ተመራማሪዎቹ ሩቅ አገር መሄድ አላስፈለጋቸውም፤ በመስኮት ማየት በቂያቸው ነው።

በ2017 የወጣ አንድ ጥናት አላቸው። 45 ስኩዊረሎችን አልመንድ፣ ዋልነት፣ ፒካንና ሃዘልነት የሚባሉትን ቅርፊታም ፍሬዎች እየሰጡ የት እንደሚቀብሩት በጂፒኤስ ተከታተሉ። አንድ ቦታ ላይ ቆመው ሲቀበሉ እንስሳቱ በየዓይነቱ ለይተው ነው የቀበሩት። ዋልነት በአንድ ወገን፣ አልመንድ በሌላ ወገን። እናቶቻችን ጓዳ ውስጥ ሽሮውን በአንድ መደርደሪያ፣ በርበሬውን በሌላ እንደሚያስቀምጡት ማለት ነው። ሲፈልጉት ማሽተትም ይረዳቸዋል፣ ግን የራሳቸውን ቦታ በማስታወስም ያገኙታል። የተረሳው ደግሞ ይበቅላል። ስንቱ ዛፍ በስኩዊረል እርሳታ እንደቆመ አስቡት።

ሌላም አለ። በ2016 ባወጡት ጥናት ክዳኑ የተቆለፈ ሣጥን ውስጥ ዋልነት አስቀመጡለት። ተናደደ። የሚናደደው በጭራው ነው፤ ያወናጭፈዋል፣ ይገርፈዋል። ተናዶ ግን አልተወውም፤ ሣጥኑን ነከሰ፣ ገለበጠ፣ ጎተተ። ስለዚህ የፌርፋክሱ፣ ቆርቆሮውን ስታስር ጭራውን እያየህ ይሁን።

የፌርፋክሱ

ወይኔ! እናቴ ትናንት «ሰደበኝ» ያለችው ለካ ይሄንን ነው። ልብስ ስታሰጣ አጥሩ ላይ ቆሞ ጭራውን እየገረፈ «ቸክ ቸክ ቸክ» አለባት። እሷም መለሰችለት። ምን እንዳለችው እዚህ አልጽፍም።

ከባሌ_ማዶ

ሎሚ ሻይ ያልሽው ላይ ልጨምር። የኦክ ዛፍን ፍሬ በተመለከተ የሚያደርጉት ከሁሉም ይበልጣል። መጽሐፍ ቅዱሳችን ላይ በሉጥ የሚባለው ዛፍ ማለት ነው። ነጩ ኦክ ፍሬው ወድቆ ወዲያው በዚያው መኸር ይበቅላል። ቀዩ ኦክ ግን እስከ ጸደይ ይቆያል። ስኩዊረሉ ነጩን ከቀበረው በቅሎ ምግቡ ሊያልቅበት ነው። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ነጩን እዚያው ይበላዋል፤ ወይም ከመቅበሩ በፊት ጫፉ ላይ ያለችውን የበቀል እንቡጥ በጥርሱ ነቅሎ ይገድላታል። ቀዩን ደግሞ እንዳለ ይቀብረዋል። ገበሬ ዘር ሲመርጥ እንደማየት ነው።

ማሚ_ሲልቨር_ስፕሪንግ

ኧረ ይሄ ነገር ደስ እያለኝ መጣ። እኛ ጋ ያሉት ግን ግራጫ ናቸው፤ አንዳንዴ ደግሞ ድፍን ጥቁር። ጥቁሩ ምንድነው?

ባለ_መጋዙ

እህቴ፣ እሱ ፎክስ አይደለም፤ ግራጫው ራሱ ነው፣ ጥቁር ሆኖ የተወለደ። ዋሽንግተን ያለው የእንስሳት ፓርክ በ1902 እና በ1906 ከካናዳ፣ ከኦንታሪዮ፣ በድምሩ 18 ጥቁር ስኩዊረል አስመጥቶ ለቀቀ። አሁን ከተማውንም ዙሪያውንም ያዳረሱት የእነሱ ዘር ናቸው።

ግን አንቺ ግዛት ውስጥ ከሁሉም የሚገርመው አለ፤ ዴልማርቫ ፎክስ ስኩዊረል። ከቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ማዶ ነው ያለው። ብርማ ግራጫ ነው፤ ከነጭራው 75 ሴንቲሜትር ይደርሳል። ያረጁና ፍሬ የሚሰጡ ዛፎች ያሉበት፣ ሥሩ ያልተጨናነቀ ጫካ ነው የሚፈልገው። ያ ጫካ ለእርሻና ለእንጨት ሲመነጠር እንስሳውም አብሮ ጠፋ፤ ሜሪላንድ ውስጥ አራት ካውንቲ ብቻ ቀረው። በ1967 ሊጠፉ ከተቃረቡት እንስሳት የመጀመሪያው ዝርዝር ውስጥ ገባ። አደኑ ተከለከለ፤ እየያዙ ወደ ሌላ ጫካ አዛወሩት። በ2015 ከዝርዝሩ ወጣ። ከቤትሽ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው፤ ብላክዋተር የሚባለው መጠበቂያ ሂጂና ልጆቹን አሳያቸው። ከተማ ውስጥ እንዳለው ድንች ጥብስ አይለምንም፤ መሬት ላይ ኮቴው ሳይሰማ ይሄዳል፤ ድንገት ካየሽው ጥንቸል ነው የሚመስልሽ።

ማሚ_ሲልቨር_ስፕሪንግ

17 ዓመት እዚህ ስኖር አንድም ሰው አልነገረኝም። ለቅዳሜ ያዝኩት።

ነታንያ_77

አንድ የሰማሁትን ልጠይቅ፤ ውሸት ከሆነ ንገሩኝ። አጥንታቸው ሮዝ ነው ይባላል።

ከባሌ_ማዶ

ውሸት አይደለም። የፎክስ ስኩዊረል አጥንትና ጥርስ ሮዝ ነው፤ አልትራቫዮሌት መብራት ሲበራበት ደማቅ ቀይ ያበራል። ደም ሲሠራ የሚተርፍ ዩሮፖርፊሪን የሚባል ቀለም አጥንቱ ውስጥ ይጠራቀማል። ሰው ላይ ተመሳሳይ ነገር ቢደርስ ከባድ በሽታ ነው፤ ፀሐይ ቆዳውን ያቆስለዋል፣ ደሙ ያንሳል። ይሄኛው ግን ምንም ሳይሆን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ይሯሯጣል። ግራጫው እንዲህ አይደለም። ጥርሳቸውም ይለያል፤ ግራጫው 22 አለው፣ ፎክሱ 20።

ዲኑ_ዳላስ

ይሄ ክር ወዴት እየሄደ ነው? ስለ አቦካዶ ነበር እኮ የጀመርነው።

የፌርፋክሱ

ዲኑ አትቸኩል። ቆርቆሮውን ቅዳሜ አሰርኩ። ውጤቱን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ቀን መጣ፣ ግንዱን ዘለለ፣ ተንሸራተተ። ድጋሚ። ተንሸራተተ። ጭራውን ገረፈ። ሎሚ ሻይ ባትነግረን እንስቅ ነበር፤ አሁን ግን አዘንለት። ከዚያ ሄደ። እኔ እጄን አጨበጨብኩ። ሰኞ ጠዋት ዛፉ ላይ ነበር! እንዴት ገባ? እናቴ ናት ያየችው። ከጋራዡ ጣሪያ ነው የተነሳው። ዘሎ ቀጥታ ቅርንጫፉን አልያዘም፤ መጀመሪያ የጎረቤቱን ግድግዳ በእግሮቹ ረግጦ፣ ከዚያ ተስፈንጥሮ ነው የያዘው። ሲወርድ ደግሞ ቁልቁል በጭንቅላቱ። እናቴ «ይሄ እግሩን ገልብጦ ነው የሚወርደው» አለች።

ሎሚ_ሻይ

እናትህ ደጋግመው ትክክል ናቸው። የኋላ እግሩ ቁርጭምጭሚት ወደኋላ ይዞራል፤ ስለዚህ ቁልቁል ሲወርድ ጥፍሩ ቅርፊቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። ግድግዳውን ረግጦ መስፈንጠሩም ተጠንቷል፤ በ2021 የወጣ የበርክሌይ ጥናት ነው። የሚተጣጠፍ ዘንግ ላይ አስቀምጠው አዘለሏቸው። ዘንጉ ይበልጥ ሲለምጥ ርቀቱ ቢሰፋባቸውም ቀደም ብለው ይነሳሉ፤ ማረፊያቸውን ሲስቱ በጥፍራቸው ተንጠልጥለው ይገለበጣሉ። ማንም ሳያስተምራቸው ግድግዳውን እየረገጡ ፍጥነታቸውን አስተካከሉ። አንድም አልወደቀም።

ባለ_መጋዙ

ቅርንጫፉን ቁረጥ አላልኩህም? ቆርቆሮ ብቻውን ምን ያደርጋል።

ግን ቆይ። ከመቁረጥህ በፊት ወደ ላይ ተመልከት። የቅጠል ክምር፣ ኳስ የሚመስል ነገር ካየህ ጎጆው ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ነው የሚጣመሩት፤ አንዱ በታህሳስና በጥር ነው፣ ሁለተኛው በግንቦትና በሰኔ። እርግዝናው 45 ቀን አካባቢ ነው። ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ይወልዳሉ። ሲወለዱ ፀጉር የላቸውም፣ ዓይናቸውም አልተገለጠም፤ ዓይናቸውን ለመግለጥ አምስት ሳምንት ያህል ይፈጅባቸዋል። ጡት እስኪተዉ ሁለት ወር ያልፋል።

ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንድ ትልቅ ቅርንጫፍ ሳላይ ጣልኩ። ውስጡ ሦስት ነበሩ። ተንጨረጨርኩ። አለቃዬ «መሰላሉን ይዘህ ዞር በል፣ ዝም ብለህ ተቀመጥ» አለኝ። ተቀመጥኩ። እናትየዋ መጣች፤ በአፏ አንዱን አንጠልጥላ አጥሩን ተሻገረች። ተመለሰች፣ ሁለተኛውን ወሰደች። ሦስተኛውን ልትወስድ ስትመጣ ቆማ አየችን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳላይ አልቆርጥም።

የፌርፋክሱ

አየሁ። ጎጆ የለም። ቆረጥኩ። የደረሱትንም አቦካዶዎች ለቅሜ በጋዜጣ ጠቀለልኳቸው። ጫፍ ላይ ያሉትን ስድስት ለእሱ ተውኩለት፤ ለደግነት ሳይሆን ስለማልደርስባቸው ነው።

ሁሉም ነገር ግን አላለቀም። እናቴ በቆርቆሮ የተከለችው ጤና አዳም ውስጥ አንድ እንግዳ ነገር በቅሏል። ግንዱ ቀጥ ያለ ነው፣ ቅጠሉ ረዘም ረዘም ያለ። ነቅላ ስታየው ሥሩ ላይ የተሰነጠቀ ዋልነት አለ። እኛ ዋልነት ዘርተን አናውቅም!

ዲኑ_ዳላስ

ጎተራው እሱ ጋ ነበረ ማለት ነው።

የፌርፋክሱ

እናቴ መልሳ ተከለችው፤ ለብቻው በሌላ ቆርቆሮ። «የሰው ንብረት ነው» አለች።

የስሙን ነገር እሷ ጨርሳዋለች። ሽኮኮም አይደለም፣ ስኩዊረልም አይደለም። «ቀበኛው» ነው የምትለው። «ቀበኛው መጣ»፣ «ቀበኛው ዛሬ አልታየም»። ባለፈው ሐሙስ ወደ አገሯ ገባች። ደብረ ብርሃን እንደደረሰች ደወለች። መጀመሪያ ስለ ጤና አዳሙ ጠየቀች፣ ቀጥላ ስለ ቀበኛው። እኔ ሦስተኛ ነኝ።

ማሚ_ሲልቨር_ስፕሪንግ

ቀበኛው! ከዛሬ ጀምሮ እኛም ቤት ይሄው ነው። እናትህን ሰላም በልልን።

ባለ_መጋዙ

በመጨረሻ ስንት አቦካዶ አገኘህ?

የፌርፋክሱ

31። ባለፈው ዓመት አራት ነበር።

ዲኑ_ዳላስ

ጥሩ ነው። ሚጥሚጣውን ለአቦካዶው።